«አውራ»፣ «ንግሥት»፣ «እናት»፦ በቀፎ ውስጥ ስላለችው ንብ ስያሜና ተግባር

መግቢያ

ስለ ንብ በሚነገርበትም ሆነ በሚጻፍበት ጊዜ አንዲት ፍጥረት በሁለት ስም ስትጠራ እንሰማለን። ንብ አናቢው ገበሬ «አውራ» ይላታል፤ የትምህርትና የግብርና ጽሑፍ «ንግሥት» ይላታል። ገበሬው «አውራው ወጣ» ሲል የቀፎው ንብ ተከትሎ ሊሄድ መሆኑን መናገሩ ነው፤ «አውራው ጠፋ» ሲል ደግሞ ቀፎው ባዶ ወደ መቅረት መቃረቡን ማስታወቁ ነው። መጽሐፉ በበኩሉ ንግሥቲቱ እንቁላል እንደምትጥል፣ ሠራተኞች እንደሚቀልቧት፣ ከድንጉላዎች ጋር በአየር ላይ እንደምትራከብ ያስተምራል።

ሁለቱ ስሞች የሚያመለክቱት አንድ ነገር ቢሆንም በአእምሮ የሚሥሉት ሥዕል ግን አንድ አይደለም። አንድ ተማሪ «አውራ ንብ በቀን ከሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢያነብ፣ በቤቱ የሚያውቀው አውራ ዶሮ እንቁላል ጥሎ ስለማያውቅ፣ ወይ መጽሐፉን ወይ ቃሉን መጠራጠሩ አይቀርም። «ንግሥት» የሚለውን ያነበበው ደግሞ ዙፋን ላይ ተቀምጣ የምታዝ፣ የምትፈርድና የምትሾም ሴት ሊመስለው ይችላል። የመጀመሪያው ስም ጾታዋን፣ ሁለተኛው ስም ተግባሯን ያሳስታል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለማስረዳት እንሞክራለን። በመጀመሪያ «አውራ» የሚለው ስያሜ ከምን እንደ ተነሣና በሌሎች ቋንቋዎችም ተመሳሳይ ነገር እንደ ደረሰ እናሳያለን። ቀጥሎ የንግሥቲቱን አፈጣጠር፣ ዕድገትና ሥራ በአጭሩ እንገልጻለን። በመጨረሻም ለሙያ ጽሑፍ ይበጃሉ ያልናቸውን ስያሜዎች ከነብያኔያቸው እናቀርባለን። ጉዳዩ የቃል ምርጫ ብቻ እንዳልሆነና ስያሜው የገበሬውን ቀፎ ሊያጠፋም ሊያድንም እንደሚችል አንባቢው እንዲገነዘብልን እንሻለን።

«አውራ» በሕዝብ አነጋገር

በአማርኛ «አውራ» የሚለው ቃል በተለይ ሁለት ፍቺዎች አሉት። አንደኛው በአዕዋፍ ዘንድ ወንዱን ያመለክታል፤ «አውራ ዶሮ» እንደሚባለው ነው። ሁለተኛው ከመሰሎቹ መካከል ዋና፣ ታላቅ ወይም መሪ የሆነውን ያመለክታል፤ «አውራ ጣት» እና «አውራ ጎዳና» የሚሉትን ይመለከቷል። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዚህ ስም ሲጠራ ጎዳናውን ወንድ ነው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እንግዲህ «አውራ ንብ» የሚለው አጠራር ከሁለተኛው ፍቺ የተነሣ ነው ቢባል አያስነቅፍም። ይሁን እንጂ ተናጋሪው በአንቀጹ ውስጥ «አውራው ወጣ፣ አውራው ሞተ» እያለ በወንድ ጾታ ስለሚጠቀም፣ የመጀመሪያው ፍቺ ሳይታወቅ ከሁለተኛው ጋር ተደርቦ ይገባል።

የንብ ነገር በሕዝባችን ኑሮና በሊቃውንቱ አነጋገር ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ለመረዳት ወደ ቤተ ልሔም መመልከት ይጠቅማል። በምሥራቃዊው የደቡብ ጎንደር ክፍል፣ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ «ቤተ ልሔም» ተብሎ የሚታወቀውም የዜማ ይትበሃል ስሙን ያገኘው ከእርሷ ነው። ድጓን በዚያ ስልት የተማረ ሰው መምህርነቱ እንዲጸናለት ምስክርነት የሚቀበለው ከዚያ ነው። በእንዲህ ያለው ቤት የንብ ፍሬ ከትምህርቱ አይለይም። መቅደሱ የሚበራበት ጧፍ ከሰም ይሠራል። ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የሚማረውም ተማሪ «ዕውቀት ቀሰመ» ይባላል፤ «ቀሰመ» ደግሞ ንብ ከአበባ የምታደርገውን የሚገልጽ ግሥ ነው። ቅኔውም ቢሆን በ«ሰም» እና በ«ወርቅ» ይመዘናል።

የስሙም ነገር የሚያስገርም ነው። «ቤተ ልሔም» በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓትም የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት በዚሁ ስም ይጠራል። አማርኛ ደግሞ ንቦች ከሰም የሚሠሩትን፣ ማርና እጭ የሚቀመጥበትን ባለ ብዙ ቀዳዳ ገበታ «እንጀራ» ይለዋል። ይህ የፍቺ ዝምድና ሳይሆን የአጋጣሚ ግጥጥሞሽ ቢሆንም፣ ሕዝቡ የቀፎውን ውስጥ ከራሱ ቤት በወሰዳቸው ቃላት እንደ ሰየመ ያስረዳናል። እንጀራውን ከምጣድ፣ ቀለቡን ከጎተራ፣ አውራውን ከመንጋ ወስዷል።

ንብን ከንግሥና ጋር ማያያዝም በዚህ ምድር የቆየ ነው። ከጋይንት በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው ላስታ ስለ ንጉሥ ላሊበላ የሚተረከው ታሪክ በሰፊው ይታወቃል። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ ከበበው፤ እናቱም ይህን አይታ ንቦቹ ንጉሥነቱን ዐወቁለት አለች፤ ስሙም ከዚህ ወጣ ይባላል። በትረካው ንቦቹ ሕፃኑን የከበቡት ሠራዊት ንጉሡን እንደሚከብ ነው። ትረካው እንዲታመን ከተፈለገ ሰሚው ንብ መሪ እንዳለውና መሪውን እንደሚከብ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ይህን ዕውቀት በአንድ ቃል የያዘው «አውራ» ነው።

የሌሎች ቋንቋዎች ልምድ

በዚህ ረገድ አማርኛ ብቻውን አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ስለ እንስሳት በጻፋቸው መጻሕፍት ይህችን ንብ «ንጉሥ» እና «መሪ» ብሎ ጠርቷል። የላቲኑ ባለቅኔ ቨርጂልም ስለ እርሻ በጻፈው ድርሰት አራተኛ ክፍል «ንጉሥ» ይላታል። ዐረቦች «ያዕሱብ» ይሏት ነበር፤ ይህም ወንድ የሆነ አለቃን ያመለክታል። ጀርመኖች የሚጠቀሙበት «ቫይዘል» የሚለው የቆየ ቃል መንገድ መሪ ማለት ነው። የእነዚህ ሁሉ አስተያየት ከእኛው «አውራ» ጋር አንድ ነው።

እርማቱ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1586 ሉዊስ ሜንዴዝ ዴ ቶሬስ የተባለ እስፓኛዊ ይህች ንብ እንቁላል የምትጥል ሴት መሆኗን ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1609 ቻርልስ በትለር የተባለ እንግሊዛዊ ካህን የንብን ኅብረት የሴት መንግሥት ብሎ በሰየመው መጽሐፍ «ንግሥት» የሚለውን አጠራር አስፋፋ። በዚያው በ17ኛው መቶ ዓመት ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም አካሏን ከፍቶ በአጉሊ መነጽር በመመርመር የእንቁላል ማፍሪያዋን አሳየ። ይሁን እንጂ እንዴት እንደምትፀንስ ለማወቅ ሌላ መቶ ዓመት ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1771 የስሎቬኒያው አንቶን ያንሻ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1792 የጄኔቫው ፍራንስዋ ዩበር ከቀፎ ወጥታ በአየር ላይ እንደምትራከብ አስረዱ። ዩበር ዓይነ ስውር ነበር፤ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሚገለጥ ቀፎ አሠርቶ፣ ረዳቱ ቡርነንስ ያየውን እየነገረው፣ እርሱ እየጠየቀና እያመዛዘነ ነው ከዚህ የደረሰው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ስሕተቱ ሊቆይ የቻለው የቀፎው ውስጥ ስለማይታይ ነው። በሀገራችንም ከሸምበቆ፣ ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ ተሠርቶ በእበትና በጭቃ በሚለሰነው ባህላዊ ቀፎ እንጀራው ከጣራው ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ፣ ሳይቆረጥ አውጥቶ መመልከት አይቻልም። ገበሬው ይህችን ንብ በግልጽ የሚያያት መንጋ ወጥቶ ዛፍ ላይ ባረፈ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ የሚያየው እንቁላል ስትጥል ሳይሆን በብዙ ሺህ ንቦች ተከብባ ነው። «አውራ» የሚለው ስም ከድንቁርና ሳይሆን ከትክክለኛ ግን ከፊል ከሆነ ትዝብት የተወለደ ነው።

ወደ እናትነት ያዘነበሉ ቋንቋዎችም አሉ። ቱርኮች «አና አሪ» ማለት እናት ንብ ይሏታል፤ ሩሲያኖችና ፖሎኖች «ማትካ» ይሏታል፤ ይህም እናት ከሚለው ቃል የወጣ ነው። እንግዲህ ዓለም ለዚህች ፍጥረት የሰጣት ስም በጠቅላላው ከሦስት ይመደባል፤ መሪ፣ ንጉሥ ወይም ንግሥት፣ እናት። የትኛው እንደሚስማማ ለመወሰን አስቀድሞ የነገሩን እውነት ማየት ይገባል።

አፈጣጠርና ዕድገት

የንግሥቲቱ አፈጣጠር ከሁሉ የሚደንቀው የዘር ሐረግ የሌላት በመሆኑ ነው። ንግሥት የምትወጣበት እንቁላል ሠራተኛ ከምትወጣበት እንቁላል በምንም አይለይም። ሁለቱም ከአንዲት እናት የተጣሉ፣ በወንድ ዘር የዳበሩ እንቁላሎች ናቸው። ልዩነቱን የሚያመጣው አስተዳደግ ነው፤ ይኸውም መኖሪያውና ቀለቡ።

እንቁላሉ ከተጣለ ከሦስት ቀን በኋላ ይፈለፈልና እግር የሌለው ነጭ እጭ ይወጣል። ሞግዚት የሆኑ ወጣት ሠራተኞች ከራሳቸው ላይ ካሉ ዕጢዎች ወተት የመሰለ ፈሳሽ እያመነጩ እጩን ይቀልቡታል። ሠራተኛ ለመሆን የታሰበችው እጭ ይህን ምግብ በብዛት የምታገኘው እስከ ሦስት ቀን ያህል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ማርና የአበባ ብናኝ የተቀላቀለበት ቀለብ ይሰጣታል። ንግሥት ለመሆን የታሰበችው ግን የዕጭነት ዘመኗን በሙሉ በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፋ ታድጋለች። በውጭ አጠራር «ሮያል ጄሊ» የሚባለው ይኸው ነው። የቀለቡ ዓይነትና ብዛት በእጯ አካል ውስጥ አንዳንድ በራሂዎች እንዲሠሩ፣ ሌሎቹ እንዲታገዱ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያ የተደረገ ምርምር ከዚህ አሠራር አንዱን ክፍል በማገድ ከተራ እጮች ንግሥት የመሰሉ ንቦች ሊወጡ እንደሚችሉ አሳይቷል።

መኖሪያዋም የተለየ ነው። የሠራተኞችና የድንጉላዎች ቤቶች በእንጀራው ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው ወደ ጎን የተከፈቱ ሲሆኑ፣ የንግሥት ቤት ከእንጀራው ጠርዝ ወይም ገጽ ወደ ታች ተንጠልጥሎ የሚሠራና ከነቅርፊቱ ያለ ለውዝ የሚመስል ነው። ወደ ስምንተኛው ቀን ገደማ ቤቱ በሰም ይከደናል፤ እጯም በውስጡ ወደ ሙሽሬነት ትለወጣለች። እንቁላሉ ከተጣለ በ16 ቀን ያህል ንግሥቲቱ ክዳኑን ቆርጣ ትወጣለች። ሠራተኛዋ 21 ቀን፣ ድንጉላው 24 ቀን ያህል ይፈጅባቸዋል። እነዚህ ቁጥሮች በአውሮፓ ንቦች ላይ የተለኩ ሲሆኑ በአፍሪቃ ዝርያዎች ዘንድ በጥቂቱ ሊያጥሩ ይችላሉ። የሀገራችንን ንቦች በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች ለብቻቸው የሚቆሙ ንዑስ ዝርያ ናቸው ብለው «አፒስ ሜሊፌራ ሲመንሲስ» የሚል ሳይንሳዊ ስም አውጥተውላቸዋል፤ ስሙ ስሜንን እንደሚያስታውስ አንባቢ ልብ ይላል።

አዲሲቱ ንግሥት ከቤቷ እንደ ወጣች የመጀመሪያ ሥራዋ ተቀናቃኞቿን ማጥፋት ነው። ገና ያልወጡትን በየቤታቸው ትነድፋለች፤ ከወጣችው ጋር ደግሞ ትዋጋለች። የሠራተኛዋ መንደፊያ ሾህ ስላለው በወጋችው ቆዳ ላይ ተነቅሎ ሲቀር፣ የንግሥቲቱ ለስላሳ ስለሆነ ደጋግማ ልትወጋበት ትችላለች። ድንጉላው መንደፊያ የለውም።

ሥራዋና ሥልጣኗ

ድንግሊቱ ንግሥት በወጣች በሳምንት ገደማ፣ አየሩ ጸጥ ባለና ፀሐይ በሞቀ ቀን፣ ከቀፎ ወጥታ ትበርራለች። በአየር ላይ ከአሥር እስከ ሃያ ከሚደርሱ ድንጉላዎች ጋር ትራከባለች፤ እያንዳንዱም ድንጉላ ከተራከባት በኋላ ወዲያው ይሞታል። የተቀበለችውን ዘር በሆዷ ውስጥ ባለች ትንሽ ከረጢት ታስቀምጠውና ለዓመታት ትጠቀምበታለች። ከዚያ በኋላ ከመንጋ ጋር ካልሆነ በስተቀር ከቀፎ አትወጣም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እንቁላል መጣል ትጀምራለች፤ ቀሰም በበዛበት ወራት በቀን ከ1,000 በላይ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 2,000 ልትጥል ትችላለች። በሠራተኛ ቤት የምትጥለውን ከከረጢቷ ዘር ታካፍለዋለች፤ በድንጉላ ቤት የምትጥለውን ሳታዳብር ትተወዋለች። ካልዳበረው እንቁላል የሚወጣው ሁልጊዜ ወንድ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1845 ያስታወቀው የሲሌዥያው ካህን ያን ጄርዞን ነው። ድንጉላ አባት የለውም፤ አያት ግን አለው ማለት ነው።

ይህች እናት ታዛለችን? አታዝም። የት እንደሚቀሰም፣ ስንት እንጀራ እንደሚሠራ፣ መቼ አዲስ ንግሥት እንደሚያድግ የሚወሰነው በሠራተኞቹ መካከል ነው። እንቁላል እንድትቀንስ ሲሹ ቀለቧን ያሳንሱባታል። መንጋ በሚወጣበት ጊዜም መንገድ የምትመራው እርሷ አይደለችም። ጀርመናዊው ማርቲን ሊንዳወር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንዳስረዳው፣ ማረፊያ የሚፈልጉትና ቦታውን በጭፈራቸው ለባልንጀሮቻቸው የሚያመለክቱት ሰላይ ሠራተኞች ናቸው፤ ንግሥቲቱ በመካከል ትበርራለች።

ታዲያ ገበሬው «አውራው ያለበት ንቡ አለ» ማለቱ ከንቱ ነውን? አይደለም። ንግሥቲቱ ከአካሏ የምታመነጨው ጠረን አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የእንግሊዙ ተመራማሪ ኮሊን በትለር እንዳሳየው፣ ይህ ጠረን ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ እየተላለፈ እናታቸው በቤት መኖሯን ያስታውቃል፤ የሠራተኞቹም ማሕፀን እንቁላል እንዳያፈራ ይገታል። ጠረኑ ሲቋረጥ ንቦቹ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይታወካሉ። መንጋውም ንግሥቲቱ ከመካከሉ ከጠፋች ተመልሶ ወደ ቀፎው ይገባል። አንዳንድ ገበሬዎች መንጋ ሲያርፍ ይህችን ንብ ይዘው በትንሽ ማጎሪያ ወደ አዲስ ቀፎ ማስገባታቸው በዚህ የተነሣ ትክክለኛ ዘዴ ነው። ሕዝቡ የያዘው ትዝብት እውነት ነው፤ ያልያዘው ምክንያቱን ነው። ንቦቹ የሚከቧት አዛዣቸው ስለሆነች ሳይሆን፣ ያለ እርሷ የሚተካ ትውልድ ስለማይኖራቸው ነው።

ስያሜው በቀፎ ላይ የሚያመጣው ጉዳት

አንድ ሰው ቀፎው ያለ አውራ መቅረቱን ቢያውቅ ምን ያደርጋል? አውራ ማለት ወንድ መሪ፣ ያውም በልደቱ የተለየ ንጉሥ ነው ብሎ የሚያምን ከሆነ ሌላ አውራ ከየትም አይመጣም ብሎ ቀፎውን ይተወዋል። ንግሥት ከማናቸውም ወጣት የሠራተኛ እጭ እንደምታድግ የሚያውቅ ሰው ግን ከሌላ ቀፎ እንቁላልና ገና የተፈለፈለ እጭ ያለበትን እንጀራ ቆርጦ ያስገባል። ሠራተኞቹም ከእጮቹ ጥቂቶቹን መርጠው፣ ቤታቸውን አስፍተው፣ የንግሥት ቀለብ እየሰጡ ያሳድጋሉ። ሁለቱን ሰዎች የለያቸው በቃሉ ውስጥ የተሸሸገው እምነት ነው።

ማር በሚቆረጥበትም ጊዜ እንዲሁ ነው። በባህላዊ ቀፎ በጢስ እያስለቀቁ እንጀራውን ሁሉ ጠራርጎ የማውጣት ልማድ አለ። በዚህ ጊዜ ንግሥቲቱ ብትጨፈለቅና የእንቁላልና የእጭ እንጀራ ቢተርፍ ኅብረቱ ራሱን ሊያድን ይችላል። ንግሥቲቱም እንጀራውም ከጠፉ ግን መዳኛ የለውም። ጥቂት ሠራተኞች እንቁላል መጣል ይጀምራሉ፤ እነርሱ ግን ስላልተራከቡ የሚወጣው ድንጉላ ብቻ ይሆንና ቀፎው ቀስ በቀስ ያልቃል። ስለዚህ ነጭ እጭ ያለበትን እንጀራ መተው ለንቦቹ መራራት ብቻ ሳይሆን የንግሥቲቱን ምትክ ማስቀመጥ ነው።

የጊዜውም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ኅብረቱ ከእጭ አዲስ ንግሥት አሳድጎ፣ ተራክባ እንቁላል እስክትጥል ድረስ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች እስኪወጡ ሌላ ሦስት ሳምንት ይጨመራል። በሥራ ወራት የሠራተኛ ዕድሜ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። በደጋው አገር አደይ አበባና መጭ ከሚያብቡበት ከመስከረም ወር ጀምሮ ንግሥቲቱን ያጣ ቀፎ፣ ቢድን እንኳ፣ የኅዳሩ ማር ሳይደርስለት ይቀራል ማለት ነው።

«አውራው ወጣ» የሚለው አነጋገርም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ያጠቃልላል። አንደኛው ኅብረቱ ሲበዛ አሮጊቷ ንግሥት ከንቦቹ ከፊሉን ይዛ መውጣቷ ነው። በዚህ ጊዜ በቀፎው የቀሩ ንቦችና የተከደኑ የንግሥት ቤቶች አሉ፤ አዲሲቱ ንግሥት ከእነርሱ ትወጣለች። ሁለተኛው በረኀብ፣ በጉንዳን ወይም በሁከት ምክንያት ኅብረቱ በሙሉ ቀፎውን ጥሎ መሄዱ ነው። የመጀመሪያው መባዛት፣ ሁለተኛው መጥፋት ነው። ሁለቱን የማይለይ ሰው መንጋ እንዳይወጣበት ብሎ የንግሥት ቤቶችን ሁሉ ይቆርጣል፤ አሮጊቷ ቀድማ ወጥታ ከሆነ ደግሞ የቀረውን ኅብረት እናት አልባ ያደርገዋል። አማርኛ «ኮበለለ» የሚል ግሥ ስላለው ለሁለተኛው ነገር ይህን መጠቀም ይቻላል።

ስያሜዎቹን ስንመዝን

ከላይ ከተባለው በመነሣት ሦስቱን ስያሜዎች በእውነተኛነት፣ ለሕዝብ ባላቸው ቅርበትና ለሌሎች ቃላት መሠረት ለመሆን ባላቸው ምቹነት መዝነናል።

«አውራ» ለሕዝብ እጅግ የቀረበ ነው፤ ነገር ግን ጾታን ያሳስታል። «እናት» ከሦስቱ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ኅብረት ለሁለት በሚከፈልበት ጊዜ መነሻው ኅብረት «እናት ቀፎ» ስለሚባል «እናት» የሚለው በሁለት ፍቺ ተወስዶ ግራ ያጋባል። «ንግሥት» በተግባር በኩል ያሳስታል፤ ሆኖም ጾታን በትክክል ይገልጻል፣ በመማሪያ መጻሕፍትም ከገባ ቆይቷል።

ለ«ንግሥት» የሚቆም ሌላ ምክንያት በራሱ በአማርኛ ውስጥ አለ። ቋንቋችን «እቴጌ» እና «ንግሥት» የሚሉትን ይለያል። እቴጌ ጣይቱ የንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ነበሩ፤ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. የነገሡት ዘውዲቱ ግን በራሳቸው መብት «ንግሥተ ነገሥታት» ተብለዋል። በቀፎ ውስጥ ንጉሥ የለም፤ ድንጉላዎቹም ባሎች ሆነው አይኖሩም። ስለዚህ ይህች ንብ የማንም ባለቤት ሳትሆን በራሷ የምትቆም ናትና «እቴጌ» ሳይሆን «ንግሥት» መባሏ የተገባ ነው። የአገዛዙን ሐሳብ ለማረም ሥራው የስያሜው ሳይሆን የብያኔው ይሆናል።

በአሰካክ በኩል «የንብ ንግሥት»፣ «ንግሥተ ንብ» እና «ንግሥት ንብ» የሚሉ ሦስት መልኮች ይታያሉ። የመጨረሻው «ሠራተኛ ንብ» እና «ድንጉላ ንብ» ከሚሉት ጋር አንድ ሥርዓት ስለሚከተል እርሱን መርጠናል። «ድንጉላ» ያልተኮላሸ ፈረስ ማለት እንደ መሆኑ ለወንዱ ንብ በሚገባ ይስማማል፤ ከ«አውራ» ጋርም አይጋጭም።

የቀረቡ ስያሜዎችና ብያኔዎች

ኅብረ ንብ፦ በአንድ ቀፎ ወይም ዋሻ አብረው የሚኖሩ፣ አንዲት ንግሥት፣ ብዙ ሺህ ሠራተኞችና እንደ ወቅቱ ድንጉላዎች ያሉበት ማኅበር።

ንግሥት ንብ፦ በኅብረ ንብ ውስጥ ተራክባ የዳበረ እንቁላል የምትጥል፣ የኅብረቱ እናት የሆነች ሴት ንብ። ኅብረቱን በጠረኗ ታስተሳስራለች እንጂ አታዝም።

ሠራተኛ ንብ፦ ከዳበረ እንቁላል የምትወጣ፣ በአስተዳደጓ ምክንያት ማሕፀኗ ያልጎለመሰ፣ የቀፎውን ሥራ ሁሉ የምትሠራ ሴት ንብ።

ድንጉላ ንብ፦ ካልዳበረ እንቁላል የሚወጣ፣ መንደፊያ የሌለው ወንድ ንብ።

እጭ፦ ከእንቁላል የተፈለፈለ፣ በሞግዚቶች የሚቀለብ እግር አልባ ታዳጊ።

ሙሽሬ፦ ቤቱ ከተከደነ በኋላ፣ ምግብ ሳይወስድ፣ ከእጭነት ወደ ሙሉ ንብነት የሚለወጥ ታዳጊ።

የንግሥት ቤት፦ ንግሥት የምታድግበት፣ ከእንጀራው ወደ ታች የተንጠለጠለ ለውዝ መሳይ ቤት።

የንግሥት ቀለብ፦ ሞግዚት ሠራተኞች ከዕጢያቸው የሚያመነጩት፣ ንግሥት የምትሆነው እጭ በዕጭነቷ ዘመን ሁሉ የምትመገበው ፈሳሽ። «ሮያል ጄሊ» ለሚለው።

ድንግል ንግሥት፦ ከቤቷ ወጥታ ገና ያልተራከበች ንግሥት።

መንጋ መውጣት፦ ኅብረ ንብ ለመባዛት ሲከፈል ንግሥት ከከፊሉ ጋር ቀፎ መልቀቋ።

መኮብለል፦ ኅብረ ንብ በሙሉ በችግር ምክንያት ቀፎውን ጥሎ መሄዱ።

አውራ (ለንብ ሲነገር)፦ በሕዝብ አነጋገር ንግሥት ንብ። በዚህ አገባቡ የወንድ ጾታን አያመለክትም።

መዝጊያ

የመጨረሻውን ቃል ከመዝገቡ እንዲወጣ አላደረግንም። «አውራ» ለብዙ ትውልድ የተጠበቀ ትዝብት የያዘ ቃል ስለሆነ መዝገበ ቃላት ሊያከብረው ይገባል። የሙያ ጽሑፍ «ንግሥት» ሲል፣ የልማት ሠራተኛው ከገበሬው ጋር በሚነጋገርበት ጊዜ «አውራ የምትሏት ሴት ናት፤ የቀፎው ሁሉ እናት ናት፤ እጭ ካለ ሌላ ታድጋለች» ብሎ ሁለቱን ቢያገናኝ፣ አንደኛው ቃል ሌላውን ሳያጠፋ ያብራራዋል።

በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴና በሌላውም አገር የምትገኙ መምህራንና ንብ አናቢዎች ለንግሥት ቤት፣ ለንግሥት ቀለብና ለመኮብለል በየአካባቢያችሁ የሚነገር የተሻለ ቃል ካለ ከነአገባቡ ጽፋችሁ እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ሕዝብ ሲሠራበት የኖረ ቃል ከተገኘ እኛ ያቀረብነው ቦታውን ይለቅለታል።